ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ

በ1993 ዓ.ም. ክረምት ቤታችን ሦስተኛ ኮምፒውተር ገባ! ከዚያ በፊት የእኔና የታላቅ ወንድሜ ኮምፒውተሮች በአንዲት ክሮስኦቨር ኬብል ተያይዘው በሰላም ይኖሩ ነበር። ሦስተኛውን ይዞ የመጣው የአክስታችን ልጅ ነው፤ ሰርቪስ ቤት አረፈ። ክሮስኦቨር ደግሞ ለሁለት እንጂ ለሦስት አይሆንም። በቃ፣ ማገናኛ ሳጥን መግዛት ግድ ሆነ። ያን ሌሊት ማንን እንቅልፍ ወሰደው!

በጠዋት መርካቶ ነን። ባለሱቁ ሦስት ምርጫ ሰጠን። አንደኛው የቴሌቪዥን አንቴና ገመድ የሚመስለው ኮአክሲያል ነው። ሳጥን አይፈልግም፤ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው እየተቀጠለ ይሄድና በሁለቱ ጫፎች 50 ኦም መዝጊያ ይገጠምለታል። ግን አንድ ቦታ ከላላ ሁሉም ይቋረጣል። ሁለተኛው ሀብ፣ ሦስተኛው ስዊች። ስዊች መልእክቱ የማን እንደሆነ አይቶ ለባለቤቱ ብቻ ያደርሳል፤ ሀብ የሰማውን ለሁሉም ያሰማል። ወንድሜ ዓይኑን ከስዊቹ ላይ መንቀል አቃተው፤ ዋጋው ግን የሀቡን ስንት እጥፍ ነበር! ያገለገለች ባለ አምስት ቀዳዳ ሀብ ገዛን፤ በሰከንድ 10 ሜጋቢት። ለሦስት ኮምፒውተር አምስት ቀዳዳ መያዛችን ዛሬም ደስ ይለኛል፤ ቀዳዳ ሁልጊዜ ከታሰበው ቀድሞ ያልቃል።

የሀቧ ገመድ እስከ 100 ሜትር ይፈቀድለታል፤ ከዋናው ቤት እስከ ሰርቪስ 20 ሜትርም አይሞላ። በልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ እያሰርን ወሰድነው። በማግስቱ እማዬ ነጠላዋን አሰጣችበትና፣ «ልጆቼ፣ ማስጫዬን ስላጠነከራችሁልኝ ተባረኩ!» አለችን። ነጎድጓድ ሲጀምር ሁለቱንም ጫፍ ለመንቀል እንሮጥ ነበር።

ግን ገመዱን ማሰር! የላይኛው ልባስ ሲላጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ተጠማዝዘው ብቅ ይላሉ። በጣት ፈትቶ፣ አቃንቶ፣ በተራ ደርድሮ፣ እኩል ቆርጦ፣ ሳይዛነፉ ፕላስቲኩ ራስ ውስጥ መክተት ነው። ወንድሜ ተራውን እንደ ቆሎ ተማሪ በዜማ ይለው ነበር፦ «ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፤ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፤ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፤ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ!» ከዚያ መጭመቂያው ክሪምፐር ክራክ! ሰካነው። የሀቧ አረንጓዴ መብራት በራች፤ ከሰርቪስ ቤት የአክስታችን ልጅ እልልታ ግቢውን ሞላው።

ከዚያማ ማን ያቆመን! ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስን ለሦስት እየተጫወትን አነጋን። 700 ሜጋባይት ሲዲ በፍሎፒ እናመላልስ ብንል ወደ 490 ፍሎፒ ያስፈልገን ነበር፤ በገመዱ ግን አስር ደቂቃና ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው። ሀቧ ላይ ኮሊዥን የምትል ብርቱካናማ መብራትም ነበረች። ሁለት ኮምፒውተሮች እኩል ሲናገሩ ትበራለች። ልክ ቡና ላይ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲጀምር ሁለቱም ዝም ብለው «አንተ ቀጥል» እንደሚባባሉት፣ ማሽኖቹም ዝም ይሉና እያንዳንዱ የየራሱን ቅጽበት ጠብቆ እንደገና ይሞክራል። ይህንን ያሰበ ሰው እንዴት ያለ ነው!

አሁንስ? አሁን የራሴ ጂ ፕላስ ዋን ውስጥ ያው የድሮው ጥያቄ መጣ። ዋይፋዩ ሳሎን ውስጥ ይፈነጥዛል፤ ፎቅ ላይ ሲወጣ ግን ብረት የጠጣው የኮንክሪት ወለል ያንቀዋል። እናም ያኔ የተመኘነውን ስዊች ገዛሁ! ባለ ስምንት ቀዳዳ ጊጋቢት፣ ማራገቢያ የሌለው፣ ኮሽታ የማያሰማ። ያ ሲዲ መስመሩ በሙሉ ኃይሉ ከሠራ ስድስት ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅበት። ገመዱ ክሮስኦቨር ነው ወይስ ቀጥ ያለ ብሎ መጨነቅ ቀርቷል፤ ስዊቹ ራሱ ያውቀዋል። ለፎቁ የመረጥኩት አክሰስ ፖይንት ደግሞ ኤሌክትሪኩንም ዳታውንም በአንዲት ካት 6 ገመድ ይቀበላል። በአንዲት ገመድ! ያኔ ቢነግሩኝ አላምንም ነበር። ቴሌቪዥኑን፣ ፕሪንተሩንና ዴስክቶፑን በገመድ፣ ስልክና ላፕቶፑን በዋይፋይ፤ ከቦታው የማይነቃነቅ ዕቃ አየሩን ለምን ያጣብባል?

ባለፈው እሑድ የመጨረሻዋን ገመድ ሳስር ወንድሜን ሜሪላንድ ደወልኩለት። ስምንቱን ሽቦዎች ለካሜራው ዘረጋሁለት። ጉሮሮውን ጠረገና ዜማውን ጀመረ። ሁለተኛዋ መስመር ላይ እኔ ገባሁ። ልጄ በመቀስ እኩል ቆረጠቻቸው፤ እየገፋች ወደ ራሱ ከተተቻቸውና፣ «አባዬ፣ እኔ ልጨርሰው! ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ!» አለች።

ክራክ። ፎቅ ላይ መብራቷ በራች፤ ከሜሪላንድ እልልታው መጣ።