«ምኑን?»

አርባ ምንጭ ነው ያደግሁት ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ አዞ ነው። እኔ ግን የኩልፎ ወንዝ ትዝ ሲለኝ ቀድሞ የሚመጣብኝ የሳሙና ሽታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ የልብሱን ጥቅል ተሸክማ፣ እኔ ሳፋውን እንደ ባርኔጣ ደፍቼ፣ ከሰፈራችን ከሲቀላ ወደ ወንዙ እንሄዳለን። ልብሱ ቁጥቋጦው ላይ ተሰጥቶ እስኪደርቅ ማንጎ ስመጥ እውላለሁ።

«ወደ ታች እንዳትሄድ!» ትለኛለች በየመሃሉ። ወደ ታች ጫካው ነው፤ ከጫካው ወዲያ ኩልፎ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። እዚያ አፋፉ ላይ አዞዎቹ ፀሐይ የሚሞቁበት ቦታ «የአዞ ገበያ» ይባላል። እኔም ሻጩም ገዢውም አዞ የሆነበት፣ ጥላ የተዘረጋበት፣ ሙዝና በቆሎ የተደረደረበት ገበያ እየታየኝ ስንት ቀን አንድ ጊዜ ባየሁት ብያለሁ!

ደግሞ አንዳንድ ቀን በእኛ ሰማይ ላይ ጠብታ ደመና ሳይኖር ውኃው በድንገት ይቀላል። እናቴ ቀና ብላ ተራራውን ታይና «ደጋው ዘንቧል» ብላ ልብሷን መሰብሰብ ትጀምራለች። ለእኔ ይህ የወንዝ ጠባይ ነበር፤ ሌላ አገር ወንዝ ምን እንደሚያደርግ በምን አውቄ?

ይህ ሁሉ ጉድ መሆኑን የነገረኝ ተከራያችን ነው። በ1979 የተከፈተው የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪ ነበር፤ ከጎጃም የመጣ ዝምተኛ ልጅ። አንድ እሑድ ወደ ሴቻ ይዤው ወጣሁ። ከዳገቱ ጫፍ ሁለቱ ሐይቆች ወለል ብለው ይታያሉ፦ አባያ እንደ ሸክላ ቀይ፣ ጫሞ ሰማያዊ፣ በመካከላቸው ደግሞ ያ የእግዜር ድልድይ የምንለው ኮረብታ። ልጁ ቆሞ ቀረ። እኔ እግሬን እያከክሁ ጠበቅሁት።

«አንተ ልጅ፣ ይህን በየቀኑ ነው የምታየው?»

«ምኑን?» አልሁት።

ሳቀና ፓስቲና ሻይ ገዛልኝ። የአባያ ቀለም ውኃው ውስጥ ተንሳፍፎ ከሚቀር፣ ወደ ታች ከማይዘቅጥ የላመ አፈር እንደሚመጣ ያስረዳኝም እሱ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጉሬዛው ከዛፍ ዛፍ በሚዘልበት ጫካ ውስጥ፣ ከገደሉ ሥር የሚፈልቁትን ምንጮች አንድ በአንድ እቆጥራለሁ ብሎ ተነሣ። አሥራ ምናምን ላይ ጠፋበት። «አርባ ማለት ብዙ ማለት ነው» ብሎ ጫማውን አውልቆ እግሩን ውኃው ውስጥ ነከረ። ቦኖ ላይ ጄሪካን ደርድረን የምንጣላበት ውኃ ያው ከዚያ የሚመጣው ነበር።

እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነው። ለመስቀል አያቴ ዘንድ ዶርዜ እንወጣለን። አይሱዙው እያቃሰተ ሲወጣ ጆሮ ይደፈናል፤ የሙዙ ሽታ ቀርቶ የእንሰትና የጭስ ሽታ ይመጣል። አያቴ እንደደረስሁ በቡሉኮ ጠቅልላ እሳት ዳር ታስቀምጠኝና ትኩስ ቆጮ በዳጣ ታቀርብልኛለች። ዳጣው ሲያስለቅሰኝ ማር ታቀምሰኛለች። በዚያ በኩል የአያቴ ባል መወርወሪያውን ይወረውራል፤ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል ሌሊቱን። ቤቱ ከቀርከሃ የተሸመነ ነው፤ ምሰሶ የለው፣ ምስማር የለው፤ አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ከፊት ለፊቱ እንደ ዝሆን ፊት ነው፤ ኩምቢው በረንዳ፣ ዓይኖቹ የጭስ መውጫ።

አንድ ጠዋት ውጭ ጫጫታ ሰምቼ ብወጣ ቤት ይሄዳል። እውነቴን ነው። ከሥሩ ስፍር ቁጥር የሌለው የሰው እግር ብቻ ይታያል፤ ጎረቤት ቤቱን ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ እየወሰደው ነበር። ሐይቅ ሁልጊዜ ያለ ነገር ነው፤ ቤት ሲሄድ ግን ማን አይቶ ያውቃል? ሲቀላ ተመልሼ ለተከራያችን ስነግረው አላመነኝም።

በመስከረም 2011 አርባ ምንጭ ላይ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው በተቆጡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው ሲያቆሟቸው አገሩ ሁሉ ጉድ አለ። አዲስ አበባ የቢሮ ጓደኞቼ ስልካቸውን እያሳዩኝ «አየህ?» ሲሉኝ ያ የልጅነት «ምኑን?» ከአፌ ሊወጣ ነበር። እኛ ሰፈር እኮ የቦኖ ጠብ ሳይቀር በሳር ሲበርድ ነው ያየሁት። ከዚያ ቪዲዮውን ደግሜ አየሁትና ዓይኔ ላይ እንባ ሞላ።

አምና ልጄን ይዤ ሄድሁ። ኩልፎ አለ፤ የማጠቢያ ድንጋያችንን ግን አላገኘሁትም። ባጃጅ በባጃጅ ሆኗል ሲቀላ። ዶርዜ ስንደርስ አያቴ የለችም፣ ቤቷ ግን አለ፤ አክስቴ ይኖሩበታል። በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ስገባ «ለካ አድጌያለሁ» ብዬ ሳቅሁ።

«አንተ ብቻ አይደለህም» አሉኝ አክስቴ። «ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፤ የተበላውን እንቆርጣለን። በየጊዜው ይወርዳል።»

ልጄ ግን ቀጥ ብላ ነው የገባችው። ጭሱ እያስነጠሳት ወደ ላይ አንጋጠጠችና «አባ፣ ይሄ የዝሆኑ ሆድ ነው?» አለችኝ። አክስቴ ቡሉኮውን ከመደብ አንሥተው ጠቀለሏት።