በየሁለት ዓመቱ የምከፍለው 50 ዶላር

በ2024 የሙያ ፈቃዴን ያሳደስኩት ሽንኩርት እያቁላላሁ ነው። ልጄ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ “ማሚ፣ የካርድሽን ቁጥር ንገሪኝ” አለችኝ። ነገርኳት። 50 ዶላር ተቆረጠ። “አለቀ?” አልኳት። “አለቀ” አለች። ሽንኩርቱ ገና አልበሰለም ነበር።

ጸጉር ሥራ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። የምሠራበት ሳሎን ሚድ ሲቲ ውስጥ ነው፤ ከትንሿ ኢትዮጵያ በእግር ይደረሳል። ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ሠፈሩን ታውቁታላችሁ። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ በኦሎምፒክና በዊትዎርዝ መካከል ያለ አጭር መንገድ ነው። የከተማው ምክር ቤት በ2002 “ትንሿ ኢትዮጵያ” ብሎ ሰይሞታል። ወላጆቻችሁ ለእንጀራና ለበርበሬ ሲመጡ ይዘዋችሁ የሚመጡበት ነው።

ፈቃዱን መጀመሪያ ሳወጣ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ያኔ ካሊፎርኒያ 1,600 ሰዓት ትምህርት ትጠይቅ ነበር፤ ከ2022 ጀምሮ ነው ወደ 1,000 የወረደው። ቀን እማራለሁ፣ ማታ ፓርኪንግ እሠራለሁ። የጽሑፍ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነበር። በስፓኒሽ፣ በቬትናምኛና በኮሪያኛ መፈተን ይቻላል፤ በአማርኛ ግን አይቻልም። መዝገበ ቃላት ይዤ እየተኛሁ አጠናሁ። ዛሬም የማልረሳው አንድ ነገር አለ፤ ማበጠሪያን ማጠብና ከጀርም ማጽዳት አንድ አይደሉም። መጀመሪያ በውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ መድኃኒቱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይነከራል፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ እስኪሞላም ይቆያል።

በ2004 ፈቃዴን አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ዓመቱ አሳድሳለሁ፤ የ2024ቱ አሥረኛዬ ነበር።

በዚያው ሳምንት ጓደኛዬ ከዳላስ ደወለች። የቤት ኪራይ አስመርሯት ከዚህ የሄደች የሙያ ባልደረባዬ ናት። “ፈቃዴን ላድስ ብዬ አራት ሰዓት ስማር ዋልኩ” አለችኝ። ቴክሳስ ባለሙያው በየሁለት ዓመቱ 4 ሰዓት እንዲማር ታዛለች። ኢሊኖይ ደግሞ 14 ሰዓት ትጠይቃለች፤ ከ2017 ወዲህም ባለሙያዎቹ በቤት ውስጥ ስለሚደርስ ጥቃት ይማራሉ። ሴት ልጅ ለእናቷ ያልነገረችውን ለጸጉር ሠሪዋ ትነግራለችና ጥሩ አስበዋል።

“አንቺስ ስንት ሰዓት ተማርሽ?” አለችኝ።

“እኔማ ካርዴን ነው ያወጣሁት” ብዬ ሳቅኩ። ካሊፎርኒያ ፈቃድ ለማደስ ምንም ትምህርት አትጠይቅም። አራት ሰዓት ማለት ለእኔ ሁለት ደንበኛ ነው፤ ስለዚህ ደስ አለኝ።

ስልኩን ስዘጋ ልጄ አልሳቀችም። “ማሚ፣ አሥር ጊዜ ስታሳድሺ ስለ ሪላክሰር የነገረሽ ሰው አለ?” አለችኝ።

ነገሩን ለመረዳት ወደ 2010 መመለስ አለብኝ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ጸጉሯ ብዙና ጠንካራ ነው፤ በሄደችበት አያቷን የሚያስታውስ። የእህቴ ልጅ ሠርግ ደርሶ፣ በገዛ እጄ ሪላክሰር ቀባኋት። “ያቃጥለኛል” ብላ አለቀሰች። “ትንሽ ነው የቀረው፣ ታገሺ” አልኳት። ከዚያ በኋላ ለሰባት ዓመት ያህል፣ ሥሩ ባደገ ቁጥር እቀባት ነበር። ሰው ሁሉ “እንዴት ያምራል!” ሲል እኔ እኮራለሁ። ኮሌጅ ስትገባ አቆመች፤ አሁን ጎፈሬዋን ለቃ ነው የምትሄደው።

ያን ቀን ስልኳን ከፍታ አንድ ነገር አነበበችልኝ። በኦክቶበር 2022 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ያወጣው ጥናት ነው። ከ33,000 በላይ ሴቶችን ለ11 ዓመት ያህል ተከታትለዋል። የጸጉር ማለስለሻ ተጠቅመው ከማያውቁት ሴቶች መካከል እስከ 70 ዓመታቸው በማህፀን ካንሰር ይያዛሉ ተብሎ የተገመተው ከመቶ 1.64 ነው። በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ በሚጠቀሙት ግን 4.05 ሆነ። ጥናቱ “ማለስለሻው ካንሰር ያመጣል” ብሎ አልደመደመም፤ ሁለቱ አብረው እንደሚታዩ ነው ያሳየው። ቁጥሩም ቢሆን ለአንድ ሴት ትንሽ ነው። ለእናት ግን ትንሽ የሚባል ቁጥር የለም።

“መቼ ነው ያነበብሽው?” አልኳት።

“እንደወጣ።”

ሁለት ዓመት ሙሉ ይዛው ኖራለች። “ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት። “እንዳይከፋሽ ብዬ ነው” አለች። በእኛ ቤት ወላጅ ልጁን ይቅርታ መጠየቅ አልተለመደም፤ እኔም ከእናቴ ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ሽንኩርቱን ከእሳት አውርጄ፣ አጠገቧ ተቀምጬ፣ “ይቅርታ፣ የኔ ልጅ። አላወቅኩም ነበር” አልኳት።

“ማን ይንገርሽ?” አለችኝ።

መልሷ ይቅርታ ነበር፤ እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄው ነው። እውነትም ማን ይንገረኝ? የተማርኩት በ2003 መጽሐፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት መድኃኒት መጥቷል፣ ስንት ሕግ ተለውጧል።

በማግስቱ ልጄ ሳሎን መጥታ መደርደሪያዬን አየች። ሰው “ኬራቲን” እያለ የሚጠራው ማለስለሻ ነበረኝ። ጀርባው ላይ “ሜቲሊን ግላይኮል” የሚል ቃል አገኘች። ፎርማልዴሃይድ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚይዘው ስም ነው። በፒያስትራ ሲሞቅ ተመልሶ ጋዝ ይሆንና እንተነፍሰዋለን። ፎርማልዴሃይድ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። እኔ የደንበኞቼ ዓይን ሲያነባ በር እከፍት ነበር፤ በቃ፣ ይበቃል ብዬ ነው የማስበው። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ሁለቱም የገቡባቸውን የውበት ዕቃዎች መሸጥ ከልክላለች። እኔ ሕጉን ሳልጠብቅ አወጣኋቸው። “ታዲያ ሌላ ቦታ እሠራለሁ” ብላ የሄደች ደንበኛ አለች። ኪራይ ስከፍል ትዝ ትለኛለች።

አንድ ሌላ ነገርም ተማርኩ። በካሊፎርኒያ ሹሩባ ለመሥራት ፈቃድ አያስፈልግም። ጆአን ኮርንዌል የተባሉ የሳንዲያጎ ፕሮፌሰር ግዛቲቱን ከሰው፣ በ1999 ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ቀለምና ኬሚካል የማይነካ ሥራ ያን ሁሉ ሰዓት ትምህርት እንዲጠየቅበት ምክንያት የለም ተባለ። እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ ጉልበቷ መሃል አስቀምጣኝ ያስተማረችኝ ሥራ ወረቀት አያስፈልገውም ማለት ነው። በ1,600 ሰዓት የተማርኩት ነው አደጋ ያለበት፤ እሱን ደግሞ እንደገና ተማሪ የሚለኝ አልነበረም።

አሁን ማንም ሳያዘን እንማራለን። ሰኞ ሳሎኑ ዝግ ነው። በወር አንድ ሰኞ ማታ ልጄ አንድ ርዕስ ታነባለች፤ በእንግሊዝኛ ታነብና በአማርኛ ትነግረኛለች። እኔ በአማርኛ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ላይ “ጸጉሩ ይቆስላል” ትለኝ ነበር። “ጸጉር አይቆስልም፤ የሚቆስለው የራስ ቆዳ ነው” ብዬ አረምኳት። እሷ “ኬሚካል በርን” የምትለውን እኔ “ቃጠሎ” ብዬ እጽፋለሁ። ሲያልቅ ተራው የእኔ ነው፤ ሹሩባ አስተምራታለሁ። መስመር ማውጣት ገና ያስቸግራታል። መለማመጃዋ የእኔ ራስ ነው፤ አንዳንድ ማክሰኞ ተጣሞ የተሠራ ሹሩባ ይዤ ሥራ እገባለሁ።

እዚህ ተወልዳችሁ አማርኛ የምትማሩ ልጆች፣ የወላጆቻችሁን ደብዳቤ የምታነቡት እናንተ ናችሁ። የእናታችሁ ወይም የአባታችሁ የሙያ ፈቃድ ማደሻ ሲመጣ፣ “ክፈይ”፣ “ክፈል” ብላችሁ ብቻ አትለፉት። “ካለፈው ጊዜ ወዲህ በሥራሽ ምን ተለወጠ?” ብላችሁ ጠይቁ። አብራችሁ ፈልጉ። እንዳይከፋቸው ብላችሁም ዝም አትበሉ፤ እኛ እናቶች የሚከፋን ሳይነገረን ሲቀር ነው።

የሚቀጥለው ማደሻዬ በ2026 ነው። 50 ዶላሩን እከፍላለሁ። ደብተሬ ግን ግማሽ ደርሷል።