የላንድሮቨር አጽም

ወዳጄ ሆይ፥ ክረምቱ ወጥቶ የአቃቂ መረሬ ጭቃ ሲጠፈፍ፥ በቃሊቲ ከአንዱ ግቢ ውስጥ አሮጌ ላንድሮቨር በክሪክ ተነሥቶ፥ ባለቤቱም ከሥሩ ተጋድሞ ብታይ አትደነቅ። በ1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም ለሕዝብ የታየው ይህ ተሽከርካሪ፥ ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት ብርቅ ሆኖ ሳለ አካሉ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም በመሠራቱ፥ ላዩን ለተመለከተ ሰው ዘለዓለማዊ ይመስላል፤ ነገር ግን አጽሙ፥ ማለት ሻንሲው፥ ብረት ነውና ወንጌል ከብል ጋር አያይዞ የሚጠራው ዝገት፥ ጭቃው ባቆየለት እርጥበት እየታገዘ፥ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። በመዶሻ መታ መታ ብታደርገው፥ ጤነኛው ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፥ የታመመው ግን የታፈነ ድምፅ ሰጥቶ ቡናማ ቅርፊት ያራግፋል፤ አሉሚኒየሙም ብረቱን በሚነካበት ቦታ ነጭ ዱቄት ያወጣል። (ይህን ሁሉ በቀለም መሸፈን፥ እንደ እኔ ከሆነ፥ ከዝገቱ የባሰ ኃጢአት ነው።) አልፈታ ያለውን ቡሎን ናፍታ አጠጥቶ ማሳደር፥ የጎደለውንም ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ፈልጎ ማምጣት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ላሜራው ተቆርጦ የሚበየድበት ቀን ሲደርስ ግን፥ እባክህ፥ አስቀድመህ የባትሪውን ገመድ ፍታ፥ የነዳጁንም ታንክ አውርደህ አርቅ።