እጄ ራሱ ተናገረ

መቼም ኳስ የምታዩ ወገኖች ይሄን ሰው ታውቁታላችሁ። ተጫዋች ሜዳ ላይ ወድቆ ሲንከባለል ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከመስመር ውጪ እየሮጠ የሚገባው፣ ጎንበስ ብሎ ቁርጭምጭሚት ጨብጦ ዞር ዞር የሚያደርገው ሰው ነው። ፈረንጆቹ "ፊዚዮ" ይሉታል። የኛ የስፖርት ጋዜጠኞች ግን "የቡድኑ ወጌሻ" ነው የሚሉት። እኛ ይሄን አጠራር እንወድላቸዋለን። የገጠሩን አጥንት ጠጋኝና ኮሌጅ የተማረውን ባለሙያ በአንድ ስም መጥራት አይገባም የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። ሁለቱም ሥራቸውን የሚጀምሩት በአንድ ነገር ነው። እጃቸውን ሰው ላይ ያሳርፉና ጫን እያሉ ይጠይቃሉ፦ "እዚህ ጋ ያምሃል? እዚህስ?"

ዛሬ የምናወራችሁ ስለዚህ ጫን ማለት ነው። ሰውን ጫን ብሎ ምን ማወቅ ይቻላል? ምንስ አይቻልም? ጥያቄው የሥራ ፈት ጥያቄ ሊመስላችሁ ይችላል። ቡሬ ላይ ግን አንዲት አክስታችን በዚሁ ሰበብ የደም ግፊት ክኒናቸውን አቁመው ነበር። ወደሳቸው እንመጣለን።

ኪኔሲዮሎጂ የሚባል ትምህርት አለ። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ ኪኔሲስ ማለት እንቅስቃሴ ነው። ስፖርት ሳይንስ የተማረ ጓደኛ ካላችሁ ጠይቁት፣ ጡንቻና መገጣጠሚያ ሲያጠና ያደረበትን ሌሊት ይነግራችኋል። ክፋቱ፣ በዚሁ ስም የሚነግድ ሌላ ነገርም አለ። አንዱ ሰውነት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ይለካል። ሌላው ክንድህን ጫን ብሎ ጉበትህ ምን እንደጎደለው ይነግርሃል። ስማቸው አንድ ስለሆነ የመጀመሪያው ክብር ለሁለተኛው በነፃ ይደርሰዋል።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ከፍኖተ ሰላም ተነስታችሁ በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ ስትሄዱ፣ በመኪናው መስኮት የምታዩት ሁሉ የእንቅስቃሴ ሳይንስ ነው። በአንድ እጁ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይዞ ጥንድ በሬ የሚከተለው ገበሬ አለ። ቀኑን ሙሉ ከወገቧ ታጥፋ የጤፍ አረም የምትነቅለዋ አለች። ቢጫ ጀሪካን በገመድ ጀርባዋ ላይ አስራ ዳገት የምትወጣዋ ልጅ አለች። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ልጅቷ 50 ኪሎ ብትሆን የክብደቷን 40 በመቶ ተሸክማለች ማለት ነው፤ ያውም እያወራች።

ይሄን ጉዳይ በቁም ነገር የለኩ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 የናይሮቢው ማሎይ፣ የሃርቫርዱ ቴይለርና ባልደረቦቻቸው የኬንያን የሉኦና የኪኩዩ ሴቶች በመሮጫ ማሽን ላይ እያስኬዱ የሚተነፍሱትን ኦክስጅን መዘገቡ። ሉኦዎቹ በራሳቸው፣ ኪኩዩዎቹ ደግሞ ግንባራቸው ላይ በሚያልፍ ማሰሪያ ጀርባቸው ላይ ነው የሚሸከሙት። ውጤቱ "ኔቸር" መጽሔት ላይ ሲወጣ ብዙ ሰው ዓይኑን አሸ። ሴቶቹ እስከ ክብደታቸው 20 በመቶ ድረስ ሲሸከሙ ባዶ እጃቸውን ከሚሄዱበት የተለየ ጉልበት አላወጡም። ከዚያ በላይ ሲጨመር ግን ዋጋው ይጨምራል፤ የኛዋ ባለጀሪካን ነፃ አልወጣችም። እ.ኤ.አ. በ1995 ምክንያቱ ተገለጸ፦ ሴቶቹ ሲራመዱ ሰውነታቸው እንደ ሰዓት ፔንዱለም እየተወዛወዘ፣ ካንዱ እርምጃ የተረፈውን ጉልበት ለሚቀጥለው ከሌላው ሰው በተሻለ ያስተላልፋል። ደስ የሚለው ነገር ታሪኩ እዚያ አለማለቁ ነው። በ2010 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የኮሳ ሴቶች ሲለኩ ያ "የነፃ ሸክም" በአብዛኞቹ ላይ አልተገኘም፤ ከሴት ሴት ልዩነቱ ሰፊ ሆነ። አያችሁ፣ መለኪያው "አይደለም" ማለት ይችላል። ይህቺን ነገር ያዙልን።

እስክስታችንም ቢሆን ያለ ምክንያት ጎጃም ላይ አልጸናም እንላለን (አድሏዊ ነን፣ እናውቃለን)። ያቺ ሳንቃ የመሰለች የትከሻ አጥንት ከቀሪው አጽም ጋር በአጥንት የምትያያዘው ከአንገት በታች በምትዘረጋ አንዲት ቀጭን አጥንት በኩል ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ጡንቻ ነው። ስለዚህ እንደ ጀልባ ትንሳፈፋለች። ትከሻ እንዲህ የሚርገፈገፈው ለዚህ ነው፤ ዳሌ ቢሞክረው ይሰበራል።

ጫን ማለቱም በሳይንሱ ውስጥ ቦታ አለው። አሜሪካ ውስጥ በ1910ዎቹ ፖሊዮ ሕፃናትን ሲያሽመደምድ፣ ሎቬት የተባለ የቦስተን የአጥንት ሐኪምና ረዳቶቹ የትኛው ጡንቻ እንደቀረ፣ የትኛው እንደሞተ በእጃቸው እየተጫኑ መመዝገብ ጀመሩ። ዛሬም ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ "ግፋኝ፣ ሳበኝ" የሚላችሁ ከዚያ በመጣ መንገድ ነው። ነጥቡ ከ0 እስከ 5 ነው። 0 ምንም ንቅንቅ የለም። 1 ጡንቻው ብልጭ ይላል፣ እጅ ግን አይነሳም። 3 ማለት እጅህን ከነክብደቱ ታነሳለህ፣ ሰው ሲጫነው ግን ይወድቃል። 5 ጤነኛ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ የሚማሩ ልጆች ይሄን በቃላቸው ያውቁታል። ልብ በሉ፣ ትከሻ ተጭነው የሚያውቁት ስለ ትከሻና ስለሚያዘው ነርቭ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዲትሮይት ውስጥ ጉድሃርት የተባለ አከርካሪ አሺ (እነሱ ካይሮፕራክተር ይሉታል) ይሄንኑ ፈተና ወስዶ ሌላ ሥራ ሰጠው። እያንዳንዱ ጡንቻ ከአንድ የውስጥ አካል ጋር ይያያዛል አለ። ስለዚህ ምግብ ወይም መድኃኒት አስይዘህ ክንድ ስትጫን፣ ክንዱ ከደከመ ነገሩ አይስማማህም፣ ከጠነከረ ይስማማሃል። "አፕላይድ ኪኔሲዮሎጂ" ብሎ ሰየመው። ከዚያማ ማን ይያዘው!

ቡሬም ደረሰ።

ነገሩ የሆነው መንገዱ እንደልብ በነበረበት ጊዜ፣ በጥር 2011 ዓ.ም. ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ያንን መንገድ መሄድ ምን እንደሚመስል አንነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ለጥምቀት ፍኖተ ሰላም ገብተን፣ በማግስቱ ከመካከላችን ያንዳችንን አክስት ልንጠይቅ ወደ ቡሬ ወጣን። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ቡና እየጠጣን ጨዋታ ሲነሳ "እኔማ ክኒኑን ተውኩት" አሉን፣ ልክ ጨው ቀነስኩ እንደሚል ሰው። አንድ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠርተው ነበር። ሱፍ የለበሱ ወጣቶች ስለ አንድ ዱቄት ሲያስረዱ ቆዩና "እናቴ፣ እስቲ እርስዎ ወደ መድረክ ይምጡልን" አሏቸው። ቀኝ እጃቸውን ወደ ጎን አዘረጓቸው። በግራቸው የክኒን ከረጢታቸውን አስያዟቸው። ልጁ ጫን ሲል ክንዳቸው ወደቀ። ከዚያ ዱቄቱን አስያዟቸው። ጫን ሲል ክንዳቸው እንደ ምሰሶ ቀጥ አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እትዬ የበርበሬ ገንዘባቸውን አውጥተው ሁለት ቆርቆሮ ገዙ።

"ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር" አሉን፣ "እጄ ራሱ ተናገረ እኮ!"

ይሄ ዓረፍተ ነገር አፋችንን አስያዘን። እትዬ ሞኝ አይደሉም። ሊጥ በእጃቸው ነክተው መቦካቱን ያውቃሉ፣ በርበሬ ጨብጠው መድረቁን ያውቃሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልዋሸቻቸውን እጅ እንዴት አትመኚ ትላታለህ? ስለ ደም ግፊት ብናስረዳቸው፣ ሳያምም እንደሚገድል፣ ክኒን ያቆመ ሰው ድንገት ግማሽ ጎኑ ሊከዳው እንደሚችል ብንነግራቸው "እግዜር ያውቃል" ብለው ሁለተኛ ቡና ቀዱልን።

እናላችሁ፣ ክርክሩን ትተን ጨዋታ ጀመርን። የጎረቤት ልጅ ጠርተን ጓዳ አስገባነውና ክኒኖቹን ባንድ ወረቀት፣ አንድ ማንኪያ ሽሮ በሌላ ወረቀት፣ ዱቄቱን በሦስተኛው ጠቅልሎ እንዲያመጣ ነገርነው፤ ሦስቱም እንዳይለዩ ከላይ በፌስታል ጠቀለላቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ውጪ ወጣ። ከዚያ እትዬ እየያዙ፣ ከኛ አንዱ እየተጫነ፣ ሌላው እየጻፈ ደጋገምነው። ክንዳቸው አንዴ በክኒኑ ይወድቃል፣ አንዴ በዱቄቱ፣ አንዴ በሽሮ። ያው ጥቅል መጀመሪያ አጠንክሯቸው ቆይቶ በሦስተኛው ዙር ጣላቸው። ልጁ ተጠርቶ ገብቶ ሲፈታው እትዬ በሳቅ ፈረሱ፦ "ሽሮማ ካልተስማማኝ አለቀልኝ!"

እንደኛ በጓዳ ሳይሆን በወጉ የተሞከረም አለ። በ1988 በታተመ ጥናት ሦስት ልምድ ያላቸው ክንድ ተጫኞች 11 ሰዎችን ለየብቻ መረመሩ፤ ዚንክ፣ ታያሚን፣ ቫይታሚን ኤ እና ቫይታሚን ሲ ማን እንደጎደለው ሊናገሩ ነበር። ሦስቱ እርስ በርሳቸውም አልተስማሙ፣ ከላቦራቶሪውም አልተስማሙ፤ ከግምት አልተሻሉም። በ2010 ደግሞ "ፓወር ባላንስ" የተባለውን የጎማ አምባር በተመሳሳይ የመግፋት ትርዒት ሲሸጥ የነበረው ድርጅት አውስትራሊያ ውስጥ አሳማኝ ሳይንሳዊ ማስረጃ እንደሌለው በይፋ አምኖ ገንዘብ መለሰ።

ታዲያ የአዳራሹ ልጅ አጭበርባሪ ነበር? ላይሆን ይችላል፤ ይሄ ነው የሚገርመው። ካርፔንተር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1852 እንደጻፈው፣ ሰው የጠበቀውን ነገር ጡንቻው ሳያውቀው ይፈጽመዋል። ተጫኙ በክኒኑ ጊዜ ጥቂት ከበድ ይላል፣ ወይም ትንሽ ወደ አንጓው ጠጋ ብሎ ይጫናል። ተዘርጊውም ጥቂት ይለቃል። ሁለቱም አልዋሹም።

አገራችን ይሄን ታውቀዋለች፤ ሌባ ሻይ ነው። በድሮ ጊዜ ንብረት ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰራል። ባለ ሌባ ሻዩ ገመዱን ይዞ ይከተለዋል። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ልጁ የዋሸ አይመስለንም። ገመዱን የያዘው ሰውዬ ግን በመንደሩ ማን እንደሚጠረጠር ሳይሰማ አይቀርም። ስንት ሰው በዚያ ገመድ ንብረቱን እንዳጣ አስቡት። የእትዬ ልዩነቱ ተጠርጣሪው ክኒናቸው መሆኑ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደው ተለኩ፤ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ክኒኑን ቀጠሉ። ዱቄቱን ግን አልጣሉትም። "ተከፍሎበታል" ብለው እስከ ዛሬ ቁም ሳጥናቸው ላይ አስቀምጠውታል።

ስንመለስ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ያሉ አንድ ስመ ጥር ወጌሻ ጋ ጎራ አልን። ከኛ አንዱ የእጅ አንጓው ላይ ወለምታ ነበረበት፤ ግማሹ ምክንያት እሱ ነው፣ ግማሹ ወሬ። አባባ ቅቤ ቀብተው ሲያሹት ስለ አዳራሹ ነገርናቸው። "እኔ ክንድ ተጭኜ ስለ ክንድ እንኳ አንዳንዴ እሳሳታለሁ" አሉ። በዚህ መሃል ከአህያ የወደቀ ልጅ በአባቱ ጀርባ መጣ። ክንዱ በቀርከሃ ስንጥር ጥፍር ተደርጎ ታስሯል፤ ቤት ውስጥ ያሰሩት ናቸው። የኛ ሐኪሞች አጥብቀው የሚናገሩት ይሄንን ነው። እንዲህ የጠበቀ ማሰሪያ ደም ይከለክላል፣ ሥጋው ይሞታል፣ በስብራት የመጣ ልጅ እጁን ተቆርጦ ይመለሳል። በወጌሻ ቤት የደረሰም ብዙ ነው፤ አንሸፋፍነውም።

አባባ ስብራቱን አልነኩትም። መጀመሪያ ማሰሪያውን ፈቱ። ከዚያ የልጁን የአውራ ጣት ጥፍር በራሳቸው ጣት ጫን አድርገው ለቀቁት። ጥፍሩ ነጭ ሆነ። ጤነኛ ከሆነ በሁለት ሰከንድ አካባቢ መልሶ መቅላት አለበት። ዘገየ። እንደገና ተጫኑ፤ ልጁም፣ አባቱም፣ እኛም ጥፍሩ ላይ አፈጠጥን። ቀስ ብሎ ቀላ።

"የኔ አይደለም" አሉ አባትየውን፣ "አሁኑኑ ሆስፒታል። በመንገድም ማንም እንዳያጠብቅበት።" እኛ የመጣንበት ባጃጅ ደጅ ቆሞ ነበር፤ እነሱን ይዞ ሄደ። እኛ በእግራችን ተመለስን።