ሁለት መስከረሞች በዴቪስ አዳራሽ

የ1994 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ማክሰኞ ዋለ። ኦክላንድ ባለነው ሐበሾች ቤት ዶሮው ከማታ ተሠርቶ፣ ዳቦው ተደፍቶ አድሮ ነበር። ጠዋት ቴሌቪዥን ስንከፍት የኒው ዮርክ ሕንፃዎች እየነደዱ ነው። የፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የእኛ መስከረም 1 ነበር። እንኳን አደረሰህ ልል የደወልኩለት ጓደኛዬ “አየህ?” አለኝና ሁለታችንም ስልኩን ይዘን ዝም አልን። ዶሮው ማታ ላይ፣ ያውም ከሐዘን ቤት እንደመጣ ሰው አንገታችንን ደፍተን፣ ተበላ።

ያኔ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ ከዴቪስ ሲምፎኒ አዳራሽ አጠገብ ባለ ፓርኪንግ የማታ ሺፍት እሠራ ነበር። አዳራሹ በፈረንጆቹ 1980 የተከፈተ፣ ከ2,700 ሰው በላይ የሚይዝ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ባለወርቅ ጉልላት ብዙ የማይርቅ ትልቅ ሕንፃ ነው። ኮንሰርት ባለ ቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ መኪናው ይጎርፋል፤ ሙዚቃው ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም እኩል ልውጣ ይላል። በመሐል ያለው ጊዜ የራሴ ነበር። ሬዲዮኑን ኬዲኤፍሲ የሚባለው የክላሲክ ጣቢያ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። ስለዚህ ማህለር የሚባል የሙዚቃ ደራሲ እንዳለ አውቃለሁ፤ ሙዚቃው ረጅም መሆኑንም አውቃለሁ፤ ከዚያ ያለፈ እውቀት አልነበረኝም።

ከጥቃቱ ማግስት፣ ረቡዕ፣ ማንም አይመጣም ብለን ነበር። መጡ። በወቅቱ የሳን ፍራንሲስኮ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሪ የነበረው ማይክል ቲልሰን ቶማስ ከኦርኬስትራው ጋር የማህለርን ስድስተኛ ሲምፎኒ ሊያሰማ ቀድሞ የተያዘ ፕሮግራም ነበረው፤ ኦርኬስትራው በራሱ ስም ለሚያወጣው የማህለር ተከታታይ አልበምም የመጀመሪያው ቀረጻ እሱ ነበር። ትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ለኦርኬስትራ ቀረጻ ገንዘብ ማውጣት የቀዘቀዙበት ዘመን ስለነበር የሳን ፍራንሲስኮዎቹ የራሳቸውን አሳታሚ አቋቁመው፣ ባለሙያ ከጀርመን አስመጥተው፣ ሙዚቃውን ሕዝብ ፊት እየተጫወቱ ይቀርጹ ነበር። ያን ማታ መኪናቸውን ሊወስዱ የመጡት ሰዎች ጉርሻ ሲሰጡኝ ፊቴን እንኳ አላዩትም።

ከደንበኞቼ አንዷ ሰማንያ ዓመት የሚጠጋቸው፣ የዓመት ትኬት ያላቸው ሴትዮ ነበሩ። መኪና አቁመው ሲወርዱ የምደግፋቸው እኔ ነኝ። በዚያው ወር ሌላ ምሽት መጡና “እህቴ ከቺካጎ ልትመጣ ነበር፣ አውሮፕላን ፈራች። ወንበሩ ባዶ ከሚቀር ለምን አትገባም?” አሉኝ። ሥራ ላይ መሆኔን ስነግራቸው አብሮኝ የሚሠራው ኤርትራዊ ልጅ ከጀርባዬ “ግባ ባክህ፣ እኔ አለሁ” አለኝ። የደንብ ልብሴን ጃኬት አውልቄ፣ ሱሪው እንዳለ፣ ተከትያቸው ገባሁ።

ከመድረኩ በላይ ከጣሪያው የወረዱ ማይክሮፎኖች በቀጫጭን ሽቦ ተንጠልጥለዋል። በሩ ላይ የሳል ከረሜላ በሳህን ተቀምጦ ነበር። ሴትዮዋ ሦስት አነሡ፤ ሙዚቃው ሳይጀመር ሦስቱንም ከወረቀታቸው ላጥ ላጥ አድርገው መሐረባቸው ላይ ደረደሩ። “ይቀረጻል” አሉኝ፣ ልጅ እንደሚመክሩ ጣታቸውን አንሥተው።

የሰማሁት የማህለርን ኪንደርቶተንሊደር ነው፤ ስለ ሞቱ ሕፃናት የተጻፉ አምስት ዘፈኖች። ግጥሙ የጀርመናዊው ገጣሚ የፍሪድሪሽ ሪከርት ነው። ሪከርት በ1833 እና 1834 መካከል ባለው ክረምት ሁለት ልጆቹን በሕመም አጣ፤ ከዚያ በኋላ ከ400 በላይ ግጥም ጻፈላቸው። ማህለር ከነዚያ አምስቱን መርጦ ከ1901 እስከ 1904 ዜማ አወጣላቸው። ሚስቱ አልማ ሁለት ጤነኛ ሕፃናት ቤት ውስጥ እየተጫወቱ አባት እንዲህ ያለ ነገር መጻፉን ሟርት አድርጋ አየችው። በ1907 ትልቋ ልጃቸው ማሪያ በአራት ዓመቷ ሞተች። ዛሬም ሟርቱ ደረሰ የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም፤ ማህለር ገና በልጅነቱ የብዙ ወንድሞቹንና እህቶቹን ሬሣ ከቤት ሲወጣ ያየ ሰው ነው፤ የሚጽፈው የሚያውቀውን ነበር።

ዘፋኟ ሚሼል ዲያንግ ናት። ረጅም ናት፤ እጇን አታወናጭፍም። ግጥሙ የአባት ነው፤ በ1905 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈነውም ወንድ ነበር፤ ግን በሴት ድምፅም ይዘፈናል። ትርጉሙን በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ እየተከተልኩ ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ወረቀቱን አጠፍኩት። እናትየው በር ከፍታ ትገባለች፤ አባትየው ቀና ብሎ ያያታል፤ ዓይኑ ግን ፊቷ ላይ አያርፍም፣ ዝቅ ብሎ ደፉ አጠገብ፣ ልጅቷ አብራ ብትገባ ኖሮ ፊቷ በሚሆንበት ቦታ ላይ ያርፋል። እናቴ ከእኔ በፊት የሞተባትን ልጅ ስም አንሥታ አታውቅም። ማዕድ ስታቀርብ ግን ወደ አንዱ ጥግ የምታየው አስተያየት ነበራት፤ ልጅ ሆኜ ምን እንደምታይ ለማወቅ እዞር ነበር።

እኛ ዘንድ ልጅ የሞተባት እናት ብቻዋን አታለቅስም። አልቃሿ ግጥም ታወጣለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላል፣ ደረት ይመታል፣ ሲበዛባት ሁለት ሰው ይይዛታል። እዚህ ይህን ሁሉ የሚያህል ሰው ተሰብስቦ ለሳሉ እንኳ ከረሜላ ይዞ ሲቀመጥ መጀመሪያ ላይ ጭካኔ መሰለኝ። የዘፋኟን ተቀባይ ያገኘሁት ዘግይቼ ነው፤ ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ ነበር። የመጀመሪያውን ዘፈን ኦቦና ሆርን ይከፍቱታል፤ እሷ አንድ ሐረግ ታወጣለች፣ ኦቦው ይቀበላታል፤ እንደገና ታወጣለች፣ እንደገና ይቀበላታል። ግሎከንሽፒል የሚባለው የብረት መሣሪያ በመሐል ጠብ ያደርጋታል፣ ትንሽ የቃጭል ድምፅ። አራተኛው ላይ፣ አባትየው ልጆቹ ሽርሽር ወጥተው የዘገዩ እንጂ የሞቱ አይደሉም ብሎ ራሱን በሚያታልልበት፣ ከኋላችን አንድ ሰውዬ ሦስት ጊዜ አከታትሎ ሳለ። ሴትዮዋ ዘወር ብለው አዩትና ከመሐረባቸው ላይ አንዷን ከረሜላ አቀበሉት። አምስተኛው በማዕበል ይጀምርና ልጆችን በሚያስተኛ እሹሩሩ ያልቃል።

በዓመቱ፣ በሴፕቴምበር 2002፣ የማህለርን ሦስተኛ ሲምፎኒ ቀረጹት። በዚህኛው ትኬቱን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ርካሹን፣ ጣሪያ ሥር ያለውን። ይህ ሲምፎኒ ስድስት ክፍል አለው፤ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ከግማሽ ሰዓት በላይ ነው። ስምንት ሆርኖች በአንድ ድምፅ ይከፍቱታል። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ክፍል ይበዛብኛል፤ ሰልፍ፣ ወታደር፣ ከበሮ፣ ደግሞ ሰልፍ። ሦስተኛው ላይ ከመድረኩ ውጪ፣ ከማይታይ ቦታ፣ ፖስትሆርን የሚባል መለከት ይሰማል፤ ሰዎች ከየት እንደመጣ ለማወቅ አንገታቸውን ሲያዞሩ ከላይ ሆኜ አየሁ።

ልቤን የወሰዱት ግን ሕፃናቱ ናቸው። የፓሲፊክ ቦይኳየር ልጆች ከኦክላንድ፣ ከእኔው ከተማ የመጡ ናቸው። ወላጆቻቸው ያመጧቸው በእኛ ፓርኪንግ በኩል ነበርና አንዳንዶቹን በመልክ አውቃቸዋለሁ። አንዱ አፍንጫውን በእጅጌው የሚጠርግ ነው። እነዚህ ልጆች ሌላው ከአንድ ሰዓት በላይ ሲጫወት ይጠብቃሉ። በአራተኛው ክፍል ዲያንግ የፈላስፋውን የኒቼን ጽሑፍ በዝግታ ትዘፍናለች። ከዚያ አምስተኛው ክፍል ይመጣና ልጆቹ የደወል ድምፅ በአፋቸው እያሰሙ ከሴቶቹ መዘምራን ጋር ይዘምራሉ፤ ሴቶቹን ያሠለጠኑት ቫንስ ጆርጅ ናቸው። አራት ደቂቃ ገደማ፣ በቃ። ለዚያች አራት ደቂቃ ባለ እጅጌው ልጅ እንደ ዲያቆን ቀጥ ብሎ ቆመ። የመጨረሻው ክፍል ከ20 ደቂቃ በላይ የሚሄድ፣ የሰው ድምፅ የሌለበት ዝግታ ነው፤ መጨረሻ ላይ ሁለት ሰዎች ቲምፓኒ የሚባለውን ከበሮ አብረው ይመቱታል።

አልበሙ በ2003 ወጣ፤ ሲምፎኒውና ዘፈኖቹ ባንድ ላይ፣ በሁለት ዲስክ። ከአዳራሹ ሱቅ ገዛሁት። ቤት ወስጄ መጀመሪያ የፈለግኩት ያንን ሳል ነው። አራተኛውን ዘፈን ደጋግሜ አዳመጥኩ፤ የለም። የቀረጻ ነገር ሲገባኝ ምክንያቱን አወቅሁ፦ አንድ ሥራ በተለያዩ ምሽቶች ይቀረጽና ፕሮዲውሰሩ ከየምሽቱ የተሻለውን እየመረጠ ይገጣጥመዋል። ስለዚህ “ሕዝብ ፊት የተቀረጸ” የሚለው ቃል እውነት ነው፤ ከምሽቶቹ አንዱን ብቻ ግን አትሰሙም። ሁለቱ ሥራዎችም በአንድ ዓመት ልዩነት የተቀረጹ ናቸው፤ አንዱ አሜሪካ ገና ሙታኗን በምትቆጥርበት ወር፣ ሌላው ሰው እንደገና ሰልፍና መለከት መስማት ሲችል። ይህ ልዩነት ይሰማኛል። ከአድማጭ ስንቱ እንደሚሰማው እንጃ።

በ2004 አልበሙ በክላሲክ ዘርፍ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ግራሚ አገኘ። ሴትዮዋ በዚያን ጊዜ መኪና መንዳት አቁመው ነበር፤ በታክሲ ሲመጡ በር ላይ ጠብቄ ስነግራቸው “የከረሜላዬም ድርሻ አለበት” አሉ።

ሲምፎኒው ሽልማቱ ይገባዋል። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ከዘፈኖቹ ጀምሩ። ማህለር አምስቱ ሳይነጣጠሉ እንደ አንድ ሥራ እንዲሰሙ አሳስቧልና ስልካችሁን አጥፉ፤ ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ትርጉሙን ቀድማችሁ አንብቡት፤ ሦስተኛውን በተለይ። ሲምፎኒውን ለሌላ ቀን አቆዩት።