ከአምስተርዳም እስከ መቀሌ

ቡናው እስኪፈላ አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ። አምስተርዳም፣ ሮተርዳም ወይም ዘ ሔግ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ የደረቀ ዳቦ መጣል የማይሆንላቸው ሽማግሌ ጎረቤት ሳይኖራችሁ አይቀርም። ምክንያት አላቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በመስከረም 1944 የኔዘርላንድ የባቡር ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ፣ አገሪቱን የያዘው የጀርመን ጦር ወደ አገሪቱ ምዕራባዊ ክፍል ከተሞች የሚገባውን እህል አገደ። እገዳው ላላ ሲል ደግሞ ቦዮቹ በብርዱ በረዶ ሆኑና ጀልባ መንቀሳቀስ አቃተው። ሰው የቱሊፕ አበባ ሥር ቀቅሎ በላ። ወደ 20 ሺህ የሚሆን ሕዝብ አለቀ።

ያኔ ቬልፕ በምትባል ከተማ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ኋላ ዓለም በፊልም ያወቃት ኦድሪ ሄፕበርን። ደሟ አንሶ፣ የወፍ በሽታ ይዟት፣ እግሯ አብጦ ከሞት አፋፍ ደርሳ ነበር። ነፃነት ሲመጣ ጣፋጭ የጣሳ ወተት እስኪያልቅ ጠጥታ ክፉኛ ታመመች ይባላል። ብዙ የተራበ ሰው በአንዴ ሲጠግብ በደሙ ውስጥ ያለው ማዕድን በድንገት ይወርድና ልብን እስከማቆም ይደርሳል። አጥሚቱ በትንሽ በትንሹ የሚሰጠው በከንቱ አይደለም።

በፈረንጆቹ 1945 እናቷ አምስተርዳም ወሰደቻት፤ ሶንያ ጋስኬል ዘንድ የባሌ ዳንስ ተማረች። ለንደን ስትሻገር ግን መምህርቷ ማሪ ራምበርት ቁመቷም፣ በረሃብ የተጎዳው ሰውነቷም ለታላቅ ባሌሪናነት እንደማይበቃ ነገረቻት። ነፍሷ ተርፋ ሕልሟ ቀረ። እሷም ወደ ትወና ዞረች።

ልቤን የሚነካው ቀጥሎ ያለው ነው። ከጦርነቱ ማግሥት በእርዳታ እህልና መድኃኒት ያገገመችው ልጅ፣ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. የዩኒሴፍ አምባሳደር ሆና የመጀመሪያ ጉዞዋን ወደ እኛ አገር አደረገች። መቀሌ ላይ 500 ልጆች የተጠለሉበት ማሳደጊያ ገባች። የተራበ ልጅ ምን እንደሚሰማው ማንም እንዲያስረዳት አላስፈለጋትም።

በ77ቱ ድርቅ የ12 እና የ13 ዓመት ልጆች የነበሩ ዛሬ መካከላችን አሉ። በወባ፣ በሳንባ ነቀርሳ፣ በልብ ሕመም ከሞት የተመለሱም እንዲሁ። እኛ «እንኳን እግዚአብሔር ማራችሁ» ብለን ወደ ሌላ ወሬ እንሻገራለን። ሰውነት ግን ቶሎ አይረሳም። አምስተርዳም ውስጥ የተደረገው ጥናት በዚያ በኔዘርላንዱ ረሃብ ዘመን ተፀንሰው የተወለዱ ሰዎች ጎልማሳ ሲሆኑ በልብ በሽታ ይበልጥ እንደሚጠቁ አሳይቷል።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ፦ በልጅነታችሁ ምን አሟችሁ እንደነበር ለቤተሰብ ሐኪማችሁ ንገሩ፤ ሳትጠየቁ ንገሩ። ቤታችሁ ከሕመም የተነሣ ታዳጊ ካለም «ዳንክ እኮ» ብላችሁ አትለፉት። ምን እንደቀረበት፣ ምንስ እንደሚመኝ ጠይቁት። ለአዲስ ሕልም ገና ጊዜ አለው፤ አብሮት የሚያልም ሰው ግን ያስፈልገዋል።