ላሊበላ ለሚወጣ ሰው የትኛው ካሜራ?

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የገና ሰሞን ሻንጣ ሸክፈው፣ ለመነሳት ሁለት ቀን ሲቀራቸው ካሜራ ሊገዙ የሚወጡ ሰዎች ነገር እንዲሁ ነው። ሱቅ ይገቡና «ትልቁን አምጣልኝ!» ይላሉ። ትልቁ ይመጣል። ዋጋውም ትልቅ፣ ክብደቱም ትልቅ! ላሊበላ ግን ለትልቅ ካሜራ የምትደነግጥ ቦታ አይደለችም። 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ከቀይ አለት ፈልፍለው ያወጡት ሰዎች ብርሃኑን ያሰናዱት ለጸሎት እንጂ ለፎቶ አንሺ አይደለም።

እስቲ አገሩን በካሜራ ዓይን እንየው። ከተማዋ ያለችው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ጠዋት ይበርዳል፤ ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ከላይ ሆነው ቤተ ጊዮርጊስን ቁልቁል ሲያዩት የጣሪያው መስቀል ቦግ ይላል፤ ዙሪያውን ያለው ጉድጓድ ግን በጥላ ተውጧል። ጫማ አውልቀው ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ደግሞ ዓይን ራሱ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። በትንሽ መስኮት የምትገባ ጨረር፣ የጧፍ ብርሃን… በቃ! ታዲያ የሚፈለገው በአንድ ጠዋት ከዚያ ፀሐይ ወደዚህ ጨለማ አብሮ የሚገባ ዕቃ ነው።

ሚረርለስ ለምን ተመረጠ?

የቀድሞዎቹ ትልልቅ ካሜራዎች ሆዳቸው ውስጥ መስተዋት አለ። ፎቶ በተነሳ ቁጥር መስተዋቱ «ቿ!» ብሎ ብድግ ይላል። ሚረርለስ የሚባለው ይህ መስተዋት የሌለው ነው። ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2008 ጂ1 የተባለውን ካወጣ ወዲህ ተስፋፋ፤ ካኖንና ኒኮን በ2018 ፉል ፍሬም ሚረርለስ ይዘው ብቅ አሉ።

ለላሊበላ የሚጠቅመው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ ይቀላል። ሁለተኛ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ቅዳሴ መሐል «ቿ ቿ» አያሰኝም። ሦስተኛውና ዋናው፣ ፎቶው ምን እንደሚመስል ሳይነሳ በፊት በመመልከቻው ይታያል። ይኸ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው! ካሜራ ነጭ ሲበዛበት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ያጨልማል። ነጠላና ጋቢ የሞላበት ቦታ ላይ የሚጎዳው ታዲያ የሰው ፊት ነው፤ ከሰል ይመስላል። በሚረርለስ ግን ጥፋቱ ቀድሞ ስለሚታይ የብርሃን ማስተካከያውን ወደ «+1» ገፋ ማድረግ ነው። ፊት ይፈካል።

ክፉ ጎኑም አይደበቅ። ባትሪ ይበላል። ብዙዎቹ ትናንሽ ሞዴሎች በአንድ ባትሪ ከ300 እስከ 400 ፎቶ ቢያነሱ ነው፤ የላስታ ጠዋት ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ይቀንሳል። አቧራም ጠላቱ ነው። ሌንሱ ሲወልቅ ፎቶ የሚቀበለው ሴንሰር ራቁቱን ይቀራል። ስለዚህ ሌንስ ሲቀይሩ ማጥፋት፣ አፉን ወደ መሬት መድፋት፣ ለነፋሱ ጀርባ መስጠት!

ቦዲው ይብለጥ ወይስ ሌንሱ?

አንዲት እህታችን እንዲህ ስትል ጠይቃናለች፤ እናቷ እድሜያቸው ገፍቷል፤ ላሊበላን ለመሳለም ከተሳሉ ቆይተዋል። ውጭ አገር ያለው ወንድሟ «ምርጥ የተባለውን ፉል ፍሬም ልላክልሽ፣ ብቻ የጉዞውን ወጪ አንቺ ቻይ» ብሏታል። ምን ትመልስለት?

እህቴ፣ በእኔ ምርጫ ወንድምሽ ገንዘቡን ለሁለት ይክፈለው። ሶኒ ኤ7 ሦስት ከ24–70 ኤፍ 2.8 ሌንሱ ጋር ብቻውን አንድ ኪሎ ተኩል ይመዝናል። በአንድ እጅሽ እናትሽን ደግፈሽ ያንን ደረጃና ጠባብ መተላለፊያ ስትወጪ ስትወርጂ አንገትሽን ይቆርጥሻል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ኤ6000 ግን ከ35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ጋር ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ያገለገለ ቢሆንም አይናቅም። የተረፈው ብር ለእናትሽ ጥሩ ማረፊያና በቅሎ ይሁን።

እኔ ሁልጊዜ ቦዲውን መካከለኛ፣ ሌንሱን ጥሩ አደርጋለሁ። ምክንያት አለኝ። ከካሜራው ጋር ተያይዞ የሚሸጠው ሌንስ ሲያቀርቡበት ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ላይ ይጠባል። ኤፍ 1.8 ከዚያ 9 እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ቤተ ማርያም ውስጥ በአንዱ 1/15 ሰከንድ የሚፈጀው ፎቶ በሌላው ከ1/125 ባልዘገየ ጊዜ ያልቃል። እናትሽ እየጸለዩ ራሳቸውን ሲነቀንቁ በ1/15 ፊታቸው ይድበሰበሳል። «የእጅ መንቀጥቀጥ ያረጋጋል» የተባለው መሣሪያም አያድንም፤ የሚያረጋጋው የአንቺን እጅ እንጂ የእሳቸውን ራስ አይደለም!

ያም ቢሆን ያንን ርካሽ ሌንስ አትጣይው። ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ላይ ሙሉውን ለማንሳት ሰፊው 16 ሚሊ ሜትር ያስፈልግሻል። ቀን ሜዳ ላይ እሱ፣ ውስጥ ደግሞ 35ቱ። ቤት ውስጥ የደርግ ዘመን ዜኒት ካለም የሄሊዮስ 58 ሚሊ ሜትር ሌንሱን ነቅሎ በማያያዣ ቀለበት መግጠም ይቻላል። በእጅ እያስተካከሉ ነው የሚያነሱበት፤ ለቆመ ሰው ግን ውብ ነው።

ረጅሙን ሌንስ በተመለከተ ክርክር አለ። በገና ጠዋት ካህናቱ ቤተ ማርያም ዙሪያ አለቱ አፋፍ ላይ ሆነው ቤዛ ኩሉ ሲያዜሙ፣ «በዚያ ሕዝብ መሐል መቅረብ አይቻልም፤ ረጅም ሌንስ ግድ ነው» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። እኔ ግን አልወደውም። ረጅም ሌንስ የሰው እንባ ሳይጠይቅ ይወስዳል። በአጭሩ ግን መቅረብ አለብህ፤ ስትቀርብ ሰላምታ ትሰጣለህ፤ ፈቃድም ትጠይቃለህ።

ከመነሳት በፊት

ካሜራው ከጉዞው አንድ ወር ቀድሞ ይገዛ። ማታ ማታ ኩራዝ ወይም ሻማ አብርታችሁ ቤት ውስጥ ተለማመዱ። ድምፅ አልባውን ሸተር ሞክሩት፤ በአንዳንድ አምፖል ሥር ፎቶው ላይ መስመር ያወጣል፤ የሚወዛወዝ መቋሚያንም ያጣምማል። ትርፍ ባትሪ ከሸሚዝ ሥር፣ ገላ አጠገብ ይያዝ። ፍላሽ በሥዕል ላይ ክልክል ይሁንባችሁ፤ ወደ መቅደስም ካሜራ አይዞርም። ቦርሳችሁን ምንጣፉ ላይ አትጣሉ፤ የላሊበላ ቁንጫ እንግዳ አይመርጥም! ከሁሉ በፊት የመንገዱን ሰላም ከዚያው ካለ ሰው ጠይቁ።

ስትመለሱ ደግሞ ፎቶውን ስልክና ኮምፒውተር ውስጥ ቀብራችሁ አታስቀሩት። አንዱን መርጣችሁ አሳትሙና ለእናታችሁ በእጃቸው ስጧቸው። «በምን ካሜራ አነሳሽው?» ብለው አይጠይቁም። «ማን አነሳሽ?» ለሚላቸው ጎረቤት ግን «ልጄ!» ይላሉ።